የማይካፈለው ቁጥር

ሰውየው የሒሳብ መምህር ነው፤ ሰውን የሚመዝነው በስልክ ቁጥሩ ነው። የእኔን አንዴ አየት አድርጎ፣ «በሁለትም በሦስትም ይካፈላል፤ ተራ ነገር!» ብሎ አፉን አጣመመ። ርእሰ መምህራችንን ደግሞ ቁጥሩ በዜሮ ስለሚያልቅ ብቻ እስከ ዛሬ ይንቀዋል።

ሠርግ ቤት የተዋወቃት ልጅ የሰጠችው ቁጥር ግን ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም አልካፈል አለው። ብቸኛ ቁጥር! ኮምፒውተር በቅጽበት የሚጨርሰውን፣ ጌታው በእጁ ካላረጋገጠ አያምንምና ክረምቱን ሙሉ ሲያካፍል ከረመ። ከዚያ፣ «እንዲህ ያለ ቁጥር የያዘች ሴት ለእኔ የተፈጠረች ናት» ብሎ እኛን የሥራ ባልደረቦቹን ለሽምግልና ጎትቶ ወሰደን።

ጋቢያችንን ደርበን ሰፈሯ ደረስን። ቤቷን ግን አያውቀውም።

«ደውልላታ!» አሉት ጋሽ ይርዳው፣ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ።

«እናንተም ስሟት» ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለ።

«የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ አልዋለም» አለች የቴሌዋ ሴት፣ በተቀዳ ድምፅ። ደግሞ ደወለ፤ ደገመችለት።

ጋሽ ይርዳው ቀስ ብለው ዞሩ። «ልጄ፣ ቁጥሩን ስትሰጥህ እዚያው ሚስኮል አላደረግህላትም?»

«ወዲያው ማካፈል ጀመርኩ» አለ።