የቢጫ ጀሪካኖች እራት

የሰዓሊዋ ጉልበት ካለቀ ሰንብቷል። በአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየችውን የጌታ የመጨረሻ እራት በሰፈሯ አዳራሽ ውስጥ ከቤት ዕቃ እንደገና ስትሠራ ክረምቱ አለቀ። የሐዋርያቱ ልብስ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ፊታቸው ጥላሸት የለበሰ የድስት ክዳን። ከየራሳቸው ጀርባ የሚያበራው አክሊል ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ነው። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ሳምንታት ስላለፉ ጎረቤቶቿ ባዶውን ከሚቀመጥ ብለው አዋሷት። ቤት ታማ የተኛችው እናቷም ገላዋን ከታጠበች ቆይታለች።

ዛሬ ለዓመታት ደጅ የጠናቻቸው የትልቁ ጋለሪ ኃላፊ መጡላት። ሥዕሉ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እንዳለ እወስደዋለሁ።"

ወዲያው ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

"ውሃ መጣች!"

ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አገልድመው ቀድመው ገቡ። "ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሳትሄድ ልቅዳ" ብለው የጴጥሮስን አክሊል አወረዱ። ሰፈርተኛው ተከተላቸው። አንዱ የዮሐንስን፣ ሌላዋ የቶማስን እያነሱ ወደ ቧንቧው ሮጡ።

የቀረው የክርስቶስ ብቻ ነበር። ኃላፊው ደንግጠው እጃቸውን ዘርግተው ፊቱ ቆሙ።

"ኧረ ይሄስ ይትረፍ! የማን ነው?"

ሰዓሊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ወጣች።

"የኔ ነው፣ ጋሼ" አለች። "እስቲ ዞር ይበሉልኝ።"