ላልተኙባቸው ሌሊቶች

ዞይላ ቅርጫቷን በክንዷ አንጠልጥላ መርከበኞቹን በየተራ ትዞር ነበር። ለእያንዳንዱ በቅጠል የተጠቀለለ የኮኮናት ጣፋጭ ታስጨብጠውና ጉንጩን ትስመዋለች።

«ላልተኛችሁባቸው ሌሊቶች ነው፣ ልጄ» ትለዋለች። «እግዜር ይስጥልኝ።»

መርከቧ ከፈርናንዲና ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ቆማለች። ያቆማት ባሌ ፋኩንዶ ነው፤ ካፒቴኗ እሱ ነው። ዞይላ ስለለመነችው ነው ያቆመው። በዓመት አንዴ፣ መርከቧ ቀለም ልትቀባ ከባሕር ከመውጣቷ በፊት፣ የመርከቧ ባለቤት ለሠራተኞቹ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ዙሩ ይላቸዋል። ያን ሰሞን እኛም ቱሪስት እንሆናለን። ልጆቹ ጥቁሩ አለት ላይ ተነባብረው ፀሐይ የሚሞቁትን የባሕር እንሽላሊቶች እያዩ ይንጫጫሉ። የወጥ ቤቱ የኔስቶር ሚስት ወንበሯ ላይ ተንጋላ፣ «እዚህ እየዋለ ነው እንግዲህ ቤት ሲመጣ ወገቤን የሚለው!» ብላ ሴቶቹን አስቃለች።

ዞይላ መርከቧ ላይ የቀረላት ሰው የለም። ልጇ ኦልሜዶ የትንሿ የላስቲክ ጀልባ ነጂ ነበር። አምና በጉም ወራት፣ አንዲት እንግዳ እዚህ ዳር ላይ የረሳችውን ጫማ ላምጣ ብሎ ብቻውን ተመለሰ። ሞተሩ ጠፋበት መሰለኝ፤ ጉሙም ወረደ፤ ጀልባዋም እሱም አልተገኙም። ዞይላ የልጄ የክርስትና እናት ናት፤ አበልጆች ነን። ስሟን ከቤተሰቦቹ ጋር ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ኔስቶር ጋ ስትደርስ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«እጄ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ዶኛ ዞይላ።»

«እንግዲያው አጎርስሃለሁ» አለችና ከጣፋጩ ቆርሳ ወደ አፉ ሰደደች። «ያን ጊዜ ኦልሜዶን ሲፈልጉ ላደሩት ለእነዚህ ሁሉ ስታበስል፣ አንተ እህል የቀመስክ አይመስለኝም።»

ፊቱን አዞረ።

«አይስጡኝ» አለ። «እኔ ተኝቻለሁ። ያን ሌሊት ተኝቻለሁ።»

«ሸለብ ቢያደርግህ ምን አለበት? ሰው አይደለህ?»

«አይደለም፣ ዶኛ ዞይላ። ሁላችንም ተኝተናል። መርከቧ እዚህ አልነበረችም።»

ዞይላ ቀና ብላ ፋኩንዶን አየችው። ከመሪው ክፍል በር ላይ ቆሟል፤ የሰጠችው ጣፋጭ አንድ ጉንጩን ነፍቶታል። ሊውጠውም ሊተፋውም አልቻለም።

«አበልጅ፣ ይኼ ሰው ምን ይላል?»

«ፈልገነዋል» አለ ፋኩንዶ።

«ካፒቴን!» አለ ኔስቶር።

ፋኩንዶ በመሰላሉ ወረደ። ቆቡን አወለቀ። «ጥቂት ፈለግን። ጉሙ ዓይን አያሳይም ነበር። የመርከቧ ባለቤት በራዲዮ ጠራኝ። እንግዶቹ ነገ አውሮፕላን አላቸው፣ ባሕር ኃይል ይፈልገዋል፣ አንተ መንገድህን ቀጥል አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት።»

ዞይላ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ብርሃን ነበር?»

«ምን?»

«ጥላችሁት ስትሄዱ። ገና ብርሃን ነበር ወይ ነው የምልህ።»

ፋኩንዶ እኔ የምመልስለት ይመስል ወደ እኔ አየ። «ነበር» አለ።

ያኔ እጄ ላይ የያዝኩት ብርጭቆ ከበደኝ። ኦልሜዶ በጠፋበት ሳምንት ፋኩንዶ ቤት የገባው በመግቢያ ቀኑ ነው። ሁልጊዜ እንደሚገባው፣ የዓሣ ሾርባው ከእሳት ሳይወርድ። ታጠበ፤ በላ፤ ከዚያ «ለዞይላ ሄደሽ ንገሪያት፣ ሁለት ሌሊት ፈልገን አጣነው» አለኝ። ሁለት ሌሊት የፈለገ ሰው በቀኑ አይገባም። ይህን የመርከበኛ ሚስት ሁሉ ታውቃለች። እኔ ግን ነጠላ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ ሮጥኩ። «መብራት እያበሩ፣ ስሙን እየጠሩ» ያልኳት ከራሴ ጨምሬ ነው።

ላቅፋት ተጠጋሁ። አልገፋችኝም። «አንቺን የማናግርሽ አሁን አይደለም፣ አበልጄ» አለችኝ።

ፋኩንዶ ፊቷ ተንበረከከ። «ስደቢኝ። ምቺኝ። የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

«ተነስ» አለችው። ዓይኗን ከልላ ሰማዩን አየች፤ ፀሐይዋ ከደሴቱ እሳተ ገሞራ አናት ገና ከፍ ብላ ነበር። «አሁንም ብርሃን አለ። ፈልገው።»

«ዞይላ… ዓመት ሞላው እኮ።»

«ፈልገው ነው የምልህ።»

ፋኩንዶ ቆቡን በእጁ እንደያዘ መሰላሉን ወጣ። ሞተሩ ተነሳ። መርከቧ ጥቁሩን ዳርቻ ተከትላ፣ የውሃው ኃይል ወደሚወስድበት በዝግታ ሄደች፤ ዞራ ተመለሰች፤ እንደገና ከዳር ትንሽ ራቅ ብላ ሄደች። ኔስቶር ቀድሞ የመርከቧን ጠርዝ ብረት ተደገፈ። ቀጥለው ሌሎቹ። ሴቶቹም ማንም ሳያዛቸው ተነስተው ተደረደሩ። ከልጆቹ አንዷ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀች። ልጄ «ኦልሜዶን» አለቻት።

ከአጠገባችን ዓሣ ነባሪ ወጥቶ ተነፈሰ፤ የጀርባው ውሃ በፀሐይ አብለጨለጨ። አንዲት ሕፃን ልትጮህ አፏን ስትከፍት እናቷ በመዳፏ ያዘቻት። ሁላችንም ፊት ለፊታችን ያለችውን ውሃ ብቻ ነበር የምናየው።

ፋኩንዶ የጉም ጊዜውን ጥሩንባ ነፋ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ረጅም አድርጎ። ከዚያ፣ እንደ ደንቡ፣ የሚመልስ ካለ እንዲሰማ ሞተሩን አጠፋ።