ሽኝት እስከ ማዶ ኮከብ

የፊዚክስ ሊቋ ጠፈርን እንደ ነጠላ አጥፋ ጫፍና ጫፉን ስታገናኘው፣ የሩቋ ኮከብ ፕላኔት ከእንጦጦው ቤተ ሙከራ በር ማዶ ቁጭ አለች። አንድ እርምጃ! በሩ ግን ዛሬ ማምሻውን ከተዘጋ ለሁለት ዓመት አይከፈትም፤ እሷም እስከዚያ ማዶ ልትቆይ ነው።

“ልጄማ ብቻዋን አትሄድም፤ እስከ በሩ እንሸኛታለን” አሉ እናቷ። በሩ ጋ ሲደርሱ “እስከ ድንኳኗ” ሆነ። ዘመድ አዝማዱ የሁለት ዓመት ስንቋን ተሸክሞ፣ እልል እያለ በሩን አልፎ የፕላኔቷ ሐምራዊ ሰማይ ስር ገባ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ተጨፈረ፤ ተመረቀች።

አጎቷ ጋሽ ደጀኔ ግን “ጉልበቴን አመመኝ፤ እኔ ልመለስ” አሉ።

“ብቻዎንማ አይሄዱም!” ብላ እስከ ቤተ ሙከራው ሸኘቻቸው።

“አንቺስ ብቻሽን ልትመለሺ ነው እንዴ?” ብለው እሳቸውም መልሰው ሊሸኟት ተነሡ። በሩ መጥበብ ጀምሯል።

“ቶሎ ይቅደሙ፣ ጋሼ!”

“ኧረ አንቺ ቅደሚ፤ ተጓዧ አንቺ ነሽ።”

“ታላቅ እያለ? አይሆንም፤ በሞቴ!”

ጋሼ እሺ ብለው ቀደሙ። በሩም ከኋላቸው እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠበበ፤ እሷ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀረች። ከማዶ፣ ከጭፈራው መሐል፣ የእናቷ ድምፅ በቀዳዳው ሾልኮ መጣ፦

“ስትደርሺ ደውዪ እሺ፣ ልጄ!”