ከሃያው ፎቶ አንዷ

"ይሄ እግር የማን ነው?"

እትዬ ሃፊዛ ስልካቸውን ጃለታ አፍንጫ ስር ደቀኑት።

የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ናቸው። ልጃቸው ኢብራር ኳስ ሜዳ ላይ እግሩ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል።

ጃለታ ፎቶውን አየና ክው አለ።

"የኔ ነው እትዬ… ግን…"

"ግን ምን? መጀመሪያ እጅህን ከኪስህ አውጣ! የሰው ልጅ ሰብረህ ስታበቃ ደግሞ እጅህን ኪስህ ከተህ ትንጠባረርብኛለህ?"

ጃለታ በግራ እጁ ጁስ የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። ቀኙን ግን ከጃኬቱ ኪስ አላወጣም።

"እትዬ ሃፊዛ… አንዴ ብቻ ይስሙኝ…"

"አልሰማህም! የሱቁን ቁልፍ አምጣ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!"

ጃለታ ፌስታሉን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። በዚያው በግራ እጁ ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን አወጣና አጠገቡ አኖረው።

ወጥቶ ሄደ…

ወገን… ይሄ ልጅ ለእትዬ ሃፊዛ ማን መሰላችሁ?

ኮልፌ ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ ሱቃቸውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ከኢብራር ጋር አንድ ግቢ ነው ያደጉት። በረመዳን አብሮ ለማፍጠር ይቀርባል፣ ለገና ደግሞ ኢብራር ከነጃለታ ቤት አይጠፋም ነበር።

የጃለታ እናት ያረፈች ጊዜ እትዬ ሃፊዛ ለቅሶ ቤት መሀል ቆመው "ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ወንድ ልጅ ነው ያለኝ" ብለዋል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ታዲያ ያ ፎቶ ከየት መጣ?

ደግፌ የሚባል ቤቴል ሰፈር የሚኖር የሰርግ ፎቶ አንሺ አለ። ሙሽራ ማንሳት ሰለቸውና "የስፖርት ፎቶ አንሺ እሆናለሁ" ብሎ አዲስ ካሜራ ገዛ።

ካሜራዋ ደግሞ ጉድ ናት! አንዴ ተጭናችሁ ከያዛችኋት በሰከንድ ሃያ ፎቶ ትለቅማለች።

እሁድ ጠዋት ሊሞክራት ሜዳ መጣ።

የዚያን ቀን ኢብራርና ጃለታ በተቃራኒ ቡድን ነበር የደረሳቸው። ኢብራር ኳሱን ይዞ ሲበር፣ ጃለታ ከኋላ ሲያባርረው… ደግፌ ተጫነ።

አቧራው ጨሰ። ኢብራር ጮኸ። ምን እንደተፈጠረ በደንብ ያየ ሰው አልነበረም።

ደግፌ ቤቱ ገብቶ ከሃያው በጣም የጠራችውን መረጠ። የጃለታ ታኬታ የኢብራር ቅልጥም ላይ… ጃለታ ጥርሱን ነክሶ… የጫማው ክር እንኳን ሳይቀር ይታያል።

ፖስት አደረጋት። "የአዲሷ ካሜራዬ የመጀመሪያ ሙከራ። ጥራቷን ፍረዱልኝ!" ብሎ።

ሕዝቡ ካሜራዋን ትቶ ልጁ ላይ ፈረደ።

"ይሄ ተጫዋች ነው ወይስ ነፍሰ ገዳይ?"

"ሰፈሩን የሚያውቅ በውስጥ መስመር ያናግረኝ!"

ሼር በሼር ሆነ… እትዬ ሃፊዛ ስልክ ላይም ደረሰ።

ኢብራር ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው "ጃለታስ?" ብሎ ነው።

እናቱ ፎቶውን አሳዩት። በጣቱ አጉልቶ አየው።

"እኔ እኮ ሲመታኝ አልታወቀኝም ነበር…" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሱም አመነ። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ!

ከዚያ በኋላ ደግፌ የሰርግ ሥራ መጣለትና ሜሞሪውን ሊያጸዳ ተቀመጠ። ከማጥፋቱ በፊት ፎቶዎቹን በተራ ማየት ጀመረ። አስቡት… አንዷን ሲያደንቅ ሌሎቹን ከፍቶ እንኳን አላያቸውም!

ሲጨርስ ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ ሰው ጠያይቆ ወደ እትዬ ሃፊዛ ሱቅ ሮጠ።

"እትዬ ሃፊዛ… ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺን አንዴ ይመልከቱ።"

መጀመሪያ የኢብራር እግር ሜዳው ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይታያል። ቀጥሎ እግሩ ሲታጠፍና ሲወድቅ። ጃለታ ገና አልደረሰበትም!

ከዚያ ጃለታ ሲደርስ… እንዳይረግጠው ሲዘል። ያቺ ፖስት የተደረገችው ፎቶ እዚህ ጋ ናት፤ ከጎን ስትታይ ታኬታው ቅልጥሙ ላይ ያረፈ መሰለ እንጂ በላዩ እያለፈ ነበር። በምትቀጥለው ግን ታኬታው ከኢብራር እግር በላይ አየር ላይ ነው። ጭራሽ አልነካውም።

"መልሰው" አሉ እትዬ ሃፊዛ።

መለሰው።

የመጨረሻዎቹ ላይ ጃለታ ወንድሙ ላይ እንዳይወድቅ ራሱን ወደ ጎን ወርውሮ… በቀኝ እጁ መሬት ላይ ሲያርፍ ይታያል። አንጓው ወደ ኋላ ታጥፏል።

ቀኝ እጁ። ያ ከኪሱ ያላወጣው።

"ያ አላህ… እጅህን አውጣ አልኩት እኮ! ተሰብሮ ነው… እኔ እጅህን አውጣ እለዋለሁ!"

ሱቁን ዘግተው ከደግፌ ጋር በታክሲ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ሄዱ፣ ጃለታ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት።

በሩን የከፈተችው አከራይዋ ናት።

"ጃለታ? ለቆ ሄደ እኮ። እጁን በሻሽ አስሮ፣ ሻንጣውን በግራው ተሸክሞ። 'ምነው፣ ምን ሆንክ?' ስለው 'እናቴ አባረረችኝ' አለኝ… እኔማ እናት ያለችው አይመስለኝም ነበር።"

እትዬ ሃፊዛ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ስልኩ እስከዛሬ ዝግ ነው። ኢብራር ክራንቹን ተደግፎ ሱቁ በር ላይ ይቀመጥና ይደውላል። እትዬ ሃፊዛ ለሱቁ ሌላ ሰው አልቀጠሩም፤ "ቁልፉ ባለቤት አለው" ነው የሚሉት።

ደግፌም ሃያውንም ፎቶ ከይቅርታ ጋር ፖስት አድርጓል። አይታችኋል? አላያችሁም። ማንም ሼር አላደረገውማ! ያቺን አንዷን ሲያራግብ የከረመ ሁሉ አሁን የት ገባ?

ትምህርቱ ይሄ ነው ወዳጆቼ… ፎቶ ባይዋሽም የሚያሳየን አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። በአንዲት ቅጽበት ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት "ግን…" ሲል አስጨርሱት። ጃለታ "ግን" ብሎ ነበር። የሰማው የለም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ…

እናንተ ጃለታን ብትሆኑ፣ ነገ ስልካችሁን ስትከፍቱ እትዬ ሃፊዛ ቢደውሉ… ታነሱላቸው ነበር?