በወር አንድ ቅል ማሽላ

"ይሄ ምንድን ነው? ለድመት ነው ያበሰልሽው?"

እንዲህ የሚለው ማህጁብ ነው... ለወለደችው እናቱ... ያውም በእንግዳ ፊት!

እናቱ ብኸይታ ትባላለች። ያቀረበችው ገንፎ የአንድ ሰው ገንፎ ነበር። ለዚያውም የአንዲት አሮጊት።

ይህን ታሪክ ሳልናደድ ልጻፈው ብዬ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ... አልሆነልኝም። ስለዚህ እንደተናደድኩ ስሙኝ።

ዘመኑ 1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቦታው ከአሶሳ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ መንደር።

ማህጁብ ጨው በአህያ እየጫነ የሚነግድ ጎልማሳ ነው። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ብቻዋን ትኖራለች።

ማሽላው የተሰበሰበ ጊዜ ምርቱን ሁሉ ለገበያ ጫነና ለእናቱ አንድ ስልቻ ብቻ ትቶላት ሄደ።

"አንድ ሰው ነሽ... አንድ ሰው ስንት ይበላል?" አላት።

ስንት ይበላል?! ዓይን አውጣ!

እሷ አልተከራከረችም። አዲሱ ማሽላ እስኪደርስ አሥራ አንድ ጨረቃ እንደቀረ ቆጠረች። አሥራ አንድ ቅል አጥባ አደረቀች። ማሽላውን አካፈለች፣ የቅሎቹን አፍ በጭቃ መረገች፣ ግድግዳው ሥር ደረደረቻቸው።

ለየቅሉም የወሩን ስም ሰጠችው። ሙሐረም... ሰፈር... ረቢዕ... እያለች።

ሕጓ ጥብቅ ነበር። በወር አንድ ቅል፣ በቀን አንድ እፍኝ።

ጠዋት ቀጭን አጥሚት። ማታ ገንፎ በደረቀ ባሚያ። ክረምት ሲገባ ከጫካ የቀርከሃ ቡቃያ ቆርጣ ትቀቅላለች፤ ያን ቀን ከእፍኟ ግማሹን ወደ ቅሉ ትመልሳለች። ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ ሰሊጥ ወቅጣ ጣል ታደርግበታለች... ድግሷ እሱ ነው።

ጎረቤቷ ጣሂራ "ነይ እኛ ጋ ብዪ" ስትላት ወደ ቅሎቹ እያሳየች...

"አልሐምዱሊላህ! ልጄ ብዙ ትቶልኛል" ትላለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ልጅ ተብዬው በስምንተኛው ወር፣ በሻዕባን፣ ዝናቡ ሲወርድ ከች አለ። አብረውት ሼህ ሱለይማን የሚባሉ የታወቁ ነጋዴ አሉ። ልጃቸውን ኢንቲሳርን ሊያገባ ይፈልጋል፤ ቤቱን እንዲያዩለት ነው ያመጣቸው።

ሳይልክባት... ሳይነግራት... ባዶ እጁን! ጨው ነጋዴው ለእናቱ አንድ ቁራጭ ጨው እንኳ አልያዘም!

ብኸይታ የዕለቱን እፍኝ አብስላ ለእንግዶቿ አቀረበች። ለራሷ ምንም አላስቀረችም።

ማህጁብ አፈረ። በራሱ ያፈረ እንዳይመስላችሁ... በእሷ ነው!

ይህን ጊዜ ነው "ለድመት ነው?" ያላት። ከዚያ ዓይኑን ሲያዞር ገና ያልተከፈቱ ሦስት ቅሎች አየ።

"አሃ! ደብቀሽ ለብቻሽ ልትበዪ ነዋ! ስስታም!"

"ተው ልጄ... ያ ረመዳን ነው። ያኛው ሸዋል ነው..."

ማን ይስማት! ረመዳንን አንስቶ ጭቃውን በቢላ ፈነቀለና ማሽላውን ሰፌድ ላይ ዘረገፈው። ሸዋልንም ደገመው። የእናቱን የጾም ወር ለአንድ ምሳ!

"ወላሂ፣ ዛሬ እንግዳዬ ጠግቦ ነው የሚሄደው!"

ሦስተኛውን ሲያነሳ ብኸይታ ጮኸች።

"እሱን ተው! በአላህ ይዤሃለሁ፣ እሱን ተው!"

"ምን ብትደብቂበት ነው?" ብሎ ከፍቶ ገለበጠው...

ምንም የለም። ባዶ ነው።

ማህጁብ ቅሉን አገላብጦ አየው። የጠየቋት ሼህ ሱለይማን ናቸው።

"እህቴ፣ ባዶ ቅል ምን ያደርግልሻል?"

"ስልቻው አሥሩን ብቻ ነው የሞላው። ለመጨረሻው ወር፣ ለዙልቂዳ አልደረሰም።"

"ታዲያ ለምን አፉን መረግሽው?"

"ጎረቤት አይቶ 'ልጇ ሳያጠግባት ትቷት ሄደ' እንዳይል ነዋ።"

"ያን ወር ምን ልትበዪ ነበር?"

ብኸይታ ልጇን አየችው።

"እስከዚያ ይመጣል ብዬ ነው..." አለች።

አይ የእናት ሆድ!

ሼህ ሱለይማን ያልነኩትን ገንፎ ወደ እሷ ገፉላት። በልታ እስክትጨርስ ቁጭ ብለው ጠበቋት። ከዚያ ተነሱ።

"ኢንቲሳርስ?" አለ ማህጁብ። አሁንም የጨነቀው የራሱ ነገር ነው!

"ልጄ አንተ ቤት ከገባች፣ ነገ እሷም ባዶ ቅል እየመረገች ስምህን ትጠብቅልሃለች" ብለውት ወጡ።

ብኸይታ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? በዚያ ዝናብ እየሮጠች ተከተለቻቸው!

"አይፍረዱበት! ልጅ ነው... አላወቀም..." እያለች ትለምናቸዋለች።

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በእሷ አልተናደድኩም። እንዲህ ያለችውን ሴት "ስስታም" ብሎ በሰደበው ምላስ ነው የተናደድኩት።

ወገኖቼ... እናታችሁን "አንድ ሰው ነሽ፣ ምን ወጪ አለብሽ" ከማለታችሁ በፊት አስቡ። አንድ ሰው ሆና የቀረችው እኮ እኛ ትተናት ስለሄድን ነው! "ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም" የምትለን ሁሌ ሞልቶላት አይደለም። የእኛን ነውር እየሸፈነች ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ... ትናንት እናታችሁ እራቷን ምን በላች?

የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የማታውቁ ግን ኮሜንቱን ተዉትና አሁኑኑ ደውሉላት!