ማን ማንን ተሸከመ

በሠርጉ ድንኳን ውስጥ አንዱ እንግዳ፣ "ያኔ ጦር ሜዳ ይርዳው ከተራራው አዝሎ ባያወርድህ ኖሮ ዛሬ ይኼን ጠላ አትጠጣም ነበር" ሲለው የአሮጌው ወታደር ደሙ ፈላ። አጠገቡ ወደተቀመጠው ጓደኛው ዞረ።

"አንተ ነህ አይደል ይኼን ወሬ የምትነዛው?"

"ኧረ እኔ አላልኩም" አለ ይርዳው።

ማሠልጠኛ ሳሉ ቁስለኛ የመሸከም ልምምድ ሲመጣ ቀጫጫውን ይርዳውን ጀርባው ላይ ጭኖ ሜዳውን የሚዞረው ማን ሆነና! ባንድ ሰሃን በልተው፣ ባንድ ብርድ ልብስ አድረው፣ አሁን በስተርጅና እንዲህ ይቅለልበት?

"የተሸከምኩህ እኔ ነኝ!"

"እሺ፣ አንተ ነህ።"

ከሁሉ የሚያበግነው ይኼ "እሺ" ነው።

"እንደ ሕፃን አታባብለኝ! ማስረጃ አለኝ። ማጅራትህ ላይ ባቄላ የምታክል ጥቁር ምልክት አለች። ራሴን እንዳልስት እሷን እሷን እያየሁ አይደል እንዴ እስከ ታች የወረድነው?"

የእንግዶቹ ዓይን ሁሉ ወደ ይርዳው ማጅራት ዞረ። ይርዳው የኮቱን ኮሌታ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሳበው።

"እውነቱን ነው" አላቸው ለሰዎቹ። "የተሸከመኝ እሱ ነው።"