የተዘለለው ልቅሶ

የሞላሌ ከተማው ቪዲዮ ቤት በገበያተኛ ጢም ብሏል። በፊልሙ ውስጥ የሚበረው ጀግና አባቱ እንደሞተበት፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ምንዳዬ እንደ ልማዱ ልቅሶውን ዘሎ ወደ ድብድቡ አሳለፈው። ጀግናው ገና ከመሬት ሲነሳ፣ ገብሳቸውን ሸጠው እግራቸውን ሊያሳርፉ የገቡት እማማ ፀሐይወርቅ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ።

«ወደ ኋላ መልሰው እንጂ ልጄ፤ አባቱን ሳይቀብር ወዴት ነው የሚበረው?»

ጎረምሶቹ ሳቁ። ምንዳዬ ግን ክው አለ፤ እማማ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ነበር። እንዲህ ለብሰው የቆሙ እናት እምቢ አይባሉም፤ መለሰው። ጀግናው የአባቱን አሮጌ ጫማ አቅፎ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ፣ እማማ «አይዞህ የኔ ልጅ» አሉት። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ድብድቡ መጣ። ጀግናው ከፎቅ ተወርውሮ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ በፉጨት የሚናጋው ቤት ጸጥ አለ። ፊልሙን አርባ ጊዜ ያሳየው፣ ጀግናው እንደማይሞት ከማንም በላይ የሚያውቀው ምንዳዬ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሞ ነበር።